ከቀርከሃው መጋረጃ ጀርባ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሕፃን ልጅን ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው አልነበረም። ሕፃን ይወለዳል፣ ይጠባል፣ ይታዘላል፣ ይድሃል፣ አንድ ቀን ተነሥቶ ይሄዳል፣ አለቀ። ማን ሥራ ፈትቶ ሕፃን ያያል? እና እናንተ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ፣ የዶክተር የሺን ነገር ጠይቁ ተብላችሁ እኔ ዘንድ መምጣታችሁ ራሱ ሕልም ሕልም ይለኛል። ያ ስልክ እየቀዳ ነው? ይቅዳ። ጠጋ በሉ ወደ እሳቱ። ይህ የቆሰበር ጉም፣ እናንተ እንጅባራ ነው የምትሉት፣ እኔ ግን ቆሰበር ነው የምለው፣ ይህ ጉም በር ካገኘ ሳይጋበዝ ነው የሚገባው። ስመኝ፣ በሩን ገርበብ አድርጊው እስቲ። ያቺ ጥግ ላይ ድንች የምትልጠው ልጄ ስመኝ ናት። ጀርባዋ ላይ ያለው የልጅ ልጄ ነው፣ ዘጠኝ ወሩ ነው። እሷ ዝምተኛ ናት፣ አትናገርም። የዛሬው ጨዋታዬ ግን ዞሮ ዞሮ ወደ እሷ ነው የሚመጣው፣ ይህን እያወቀች ነው ዝም ብላ የምትልጠው።

ታዲያ እኔ ያን ጊዜ ቀርከሃ ሠሪ ነበርሁ። ወንበር እሠራለሁ፣ አልጋ እሠራለሁ፣ ቅርጫት እሠራለሁ፣ መንገድ ዳር ደርድሬ እሸጣለሁ። ብቻዬን ነበርሁ። ሚስቴ ያረፈችው ልጃችን ስመኝ ስምንት ወሯ ሳለ ነው። ወንድ ልጅ ጡት ከየት ያመጣል? እህቴ አዘና የሚባል አገር አግብታ አራስ ነበረች፣ እና "አምጣት፣ ከልጄ ጋር አጠባታለሁ" አለችኝ፣ ወሰድኋት። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ አዘና እወርዳለሁ፣ አያታለሁ፣ እመለሳለሁ። ይህን ስላችሁ ቀላል ይመስላል፣ ቀላል ግን አልነበረም። ልጅቱ ሰባት ዓመት ሞላት፣ እኔ ስገባ ቀና ብላ አታየኝም። የቀርከሃ ስንጣሪ ይዛ መሬት ላይ ቤት ትሠራለች፣ ቤት ታፈርሳለች። "ስመኝ!" እላለሁ። "እ" ትላለች፣ በቃ። አታለቅስም፣ አታስቸግርም፣ ይህን አምጣልኝ አትልም። እኔም "እሰይ፣ ጨዋ ልጅ ናት!" እያልሁ ለጎረቤቱ እኮራባት ነበር። ኋላ ግን በሆዴ፣ ይቺ ልጅ እኔን ምን ታደርገኛለች፣ ቤቷን አግኝታለች፣ እላለሁ። እህቴም "በቃ እዚሁ ልጄ ትሁን፣ አንተም መንገድ አትመላለስ" ማለት ጀመረች። እና ልተዋት ምን ቀረኝ? ምንም አልቀረኝ፣ ስሙኝማ፣ ምንም አልቀረኝ። አንድ ቅዳሜ እቀራለሁ፣ አንድ ቅዳሜ እሄዳለሁ፣ እንዲህ እንዲህ እያልሁ ልተዋት ነበር።

ዶክተር የሺ የመጡት ያን ጊዜ ነው። ጠዋት ነው፣ ጉሙ መሬት ላይ ተኝቷል፣ እኔ ቀርከሃ እሰነጥቃለሁ። ሰው ሳይሆን ቦቲ ጫማ ብቻውን ሲመጣ አየሁ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። መጀመሪያ ቦቲው መጣ፣ ከዚያ ጃንጥላው መጣ፣ ከዚያ አጭር ሴትዮ ከመሃል ወጡ።

"ዘውዱ ማለት አንተ ነህ?"

"ነኝ።"

"እኔ የማይበት፣ እኔን ግን የማያሳይ መጋረጃ ሥራልኝ።"

በሆዴ፣ ይቺ ሴትዮ ባሏን ልትሰልል ነው አልሁ። "ማንን ሊያዩበት ነው እሜቴ?"

"ሕፃናትን።"

"ሕፃን ከማን ይደበቃል?"

"ሕፃን አይደበቅም። እናት ናት የምትደበቀው። ሰው እንደሚያያት ካወቀች ሌላ ሴት ትሆናለች" አሉኝ።

እኔም ሠራሁላቸው። ቀርከሃውን እንደ ክር አቅጥኜ፣ በአንድ ወገን ብርሃን፣ በሌላው ወገን ጨለማ ሲሆን እንዳያሳይ አድርጌ ሠራሁት። ከጤና ኬላው ጓሮ አንድ ክፍል ተሰጥቷቸው ነበር፣ እዚያ ተከልነው። እጃቸውን በቀርከሃው ላይ እያሳለፉ "አዊኛ ትችላለህ?" አሉኝ። "ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው" አልኋቸው። "እንግዲያው ከኔ ጋር ትሠራለህ።" እንዲህ ነው የእኔ ሥራ መያዝ። እሳቸው የዳንግላ ልጅ ናቸው፣ ውጭ አገር ብዙ ዘመን ተምረዋል፣ ተመልሰው ግን የባላገሯን ልጅ ለቅሶ ሊሰሙ ቆሰበር ጭቃ ውስጥ ገቡ።

ሥራቸው ይህ ነው፣ እናንተ ታውቁታላችሁ፣ ግን እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ። እናት ልጇን ይዛ ትገባለች። እኔ የሠራሁት መጫወቻ አለ፣ የቀርከሃ ቀለበት ከነዘንጉ፣ የቀርከሃ ፈረስ። ልጁ ይጫወታል። እንግዳ ሰው ይገባል፣ ይቀመጣል። ከዚያ እናቲቱ ተነሥታ ትወጣለች። ጥቂት ቆይታ ትመለሳለች። ዶክተሯ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ይጽፋሉ። "ሰው ሁሉ የሚያየው መውጣቷን ነው፣ ዘውዱ። አንተ መመለሷን እይልኝ" ይሉኝ ነበር።

ታዲያ የመጀመሪያው ቀን ጉድ ሆነ! እናቲቱ ወጣች፣ ልጁ "እዋ!" ብሎ ለቀቀው። ገና ሁለተኛውን ሳይደግም በሩን በርግዳ አንዲት ሴት ገባች። "ልጅ እያለቀሰ ምን ዓይነት ትምህርት ነው?" ብላ አነሣችው። ከኋላዋ ሌላዋ ገባች፣ "እኔ ነኝ የማጠባው፣ ስጪኝ።" ከኋላዋ የኬላው ዘበኛ ራሱ ዱላውን ይዞ ገባ፣ "ማን ነው የመታው?" ከመጋረጃው ወዲያ ዶክተሯ ሲስቁ ይሰማኛል፣ መጋረጃዬ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። በማግሥቱ በሩን ቆልፈን እንግዳ የምትሆን ሴት ፈለግን። ከየት ይምጣ? በሰፈሩ የገባችው ሴት ሁሉ ልጁን አንድ ቀን አዝላዋለች፣ አንድ ቀን አጥብታዋለች፣ ልጁ ያያትና ይስቃል። ዶክተሯ ግራ ገባቸው። "የተማርሁበት መጽሐፍ እንግዳ አስገባ ይላል። እዚህ አገር እንግዳ የለም" አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው ጢሜን አዩና "አንተ ትሆናለህ" አሉኝ። "ዝም ብለህ ተቀመጥ። ልጁ ካልመጣብህ አትንካው።"

እሺ ብዬ ገባሁ። እናቲቱ ወጣች። ልጅቱ፣ ሴት ልጅ ናት፣ በሩን አየች፣ እኔን አየች፣ ከንፈሯ ተንቀጠቀጠ። ዝም በል ተብያለሁ። አስቡት እስቲ፣ ሕፃን ከፊታችሁ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ዝም ማለት ይቻላል? አልቻልሁም። በአራት እግሬ ወርጄ "እህህህህ!" ብዬ እንደ ፈረስ አሽካካሁላት። ዶክተሯ ከመጋረጃው ወጥተው፣ ወገባቸውን ይዘው፣

"ዘውዱ! እንግዳ ሁን አልሁህ እንጂ ፈረስ ሁን አልሁህ?" አሉኝ።

እና ከዚያ በኋላ ለመድሁ፣ ተቀመጥሁ። ብዙ ልጅ አየሁ። ዶክተሯ ያገኙት ነገር ምን መሰላችሁ? አምስት ሴት በጭኗ የምታቅፈው ልጅ እንኳ፣ ሲፈራ የሚያየው አንድ በር አለው፣ እናቱ የወጣችበትን። ይህን በወፍራም መጽሐፍ ጽፈውታል አሉ። እኔ ግን በዓይኔ ነው ያነበብሁት።

ከሥራ በኋላ ከቀርከሃው ጫካ ሥር ቁጭ ብለን የተቀቀለ ድንች እንበላ ነበር። ጉሙ በቀርከሃው መሃል ያልፋል፣ ቅጠሉ ይንሾካሾካል፣ አንዳንዴ አሁን ሳስበው እውን ይሁን ሕልም አላውቀውም። አንድ ቀን እንዲህ በዚያ መሃል፣ "ለምን ይህን ሥራ ያዙ?" አልኋቸው። ድንቹን ሳይጨርሱ አስቀመጡት።

"ሕፃን ሳለሁ እናቴን ሳንባዋን አሟት ሩቅ ሆስፒታል ወሰዷት። ዓመት አለፈ። እኔን ጎረቤት ያዘኝ። ድና ስትመለስ በር ላይ ቆማ እጇን ዘረጋችልኝ አሉ። እኔ ቆሎ እበላ ነበር። ቀና ብዬ አየኋትና ቆሎዬን ቀጠልሁ አሉ።" ከዚያ ደግሞ፣ "እናቴ እስክትሞት ድረስ ይህን ለሰው እየሳቀች ታወራው ነበር። ‘ልጄ ቆሎ ይሻለኛል አለችኝ’ ትላለች። ሁሉም ይስቃል። እሷም ትስቃለች። ዓይኗ ግን አይስቅም ነበር፣ ዘውዱ" አሉኝ።

ስመኝ የምትጫወትበት የቀርከሃ ስንጣሪ ነው ዓይኔ ላይ የመጣብኝ።

አሁን ዋናው መጣ፣ ስሙኝ። አንዲት ከሰል የምታከስል ሴት ነበረች፣ ከዲከረንሱ ጫካ ስትገባ ነግቶ፣ ስትወጣ መሽቶ። ዓመት ከምናምን የሆነው ልጅ አላት። ይዛው መጣች። ልጁ ተቀመጠ፣ ቀለበቱን ያዘ፣ በዘንጉ ላይ ማስገባት ጀመረ። እኔ ገባሁ፣ አላየኝም። እናቱ ወጣች፣ አላየም። ቀለበት ያስገባል፣ ቀለበት ያወጣል። እናቱ ተመለሰች። "ማሙሽ!" አለችው። ቀና አላለም። ውጭ ያሉት ሴቶች በበሩ ስንጥቅ አይተው፣ "እሰይ! ጨዋ! ምን ዓይነት የተባረከ ልጅ ነው!" አሉ። እናቱም ኮራች። እኔም ተደስቼ "እንደኔ ስመኝ ነው" ልል አፌን ስከፍት ዶክተሯ ቀስ ብለው ወጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

"ዘውዱ፣ መዳፍህን ጀርባው ላይ አኑርልኝ። ቀስ ብለህ።"

አኖርሁ። ልጆቼ... የልጁ ልብ። እጅ ውስጥ እንደተያዘች ጫጩት። ፊቱ ጸጥ ብሏል፣ እጁ ቀለበት ያስገባል፣ ልቡ ግን ከመዳፌ ሊወጣ ነው። እጄን መልሼ አነሣሁ፣ አሁንም አኖርሁ፣ ያው ነው።

"ምን ሆኖ ነው?" አልኋቸው።

"እናቱን ፈልጎ ነው።"

"ታዲያ አጠገቡ ናት፣ ለምን አያያትም?"

"ይህ ልጅ እንዳልፈለገ መሆን ለምዷል" አሉ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞረው፣ አልተቆጧትም፣ ምን ብለው ይቆጧታል፣ ለእንጀራዋ ነው ጫካ የምትውለው፣ እና "ልጅሽ ይወድሻል። በጣም ነው የሚወድሽ። ማታ ስትመጪ ቢዘጋሽም ታቅፈሽው ቆዪ" አሏት። እኔ በአዊኛ ልተረጉምላት ዞርሁ። እሷ ግን ሳልተረጉምላት ገብቷት ታለቅሳለች።

ያን ቀን ሥራዬ ተበላሸ። ከኋላቸው ሄጄ የስመኝን ነገር ሁሉ ነገርኋቸው። ስንጣሪውን ነገርኋቸው፣ "እ" የምትለውን ነገርኋቸው፣ እህቴ ተዋት ማለቷን ነገርኋቸው። ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ስትመለስ እንዴት ነው የምትወጣው?"

"እንዳታለቅስ ብዬ ተደብቄ ነዋ። እህቴ ‘ያቻትልሽ ወፍ!’ ትላታለች፣ ስትዞር በጓሮ እወጣለሁ።"

ሁላችንም የምናደርገው ነው እኮ! እናንተም እናታችሁ ያደረገቻችሁ ነው። ለልጅ ያዘንን መስሎን። ዶክተሯ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"ሰባት ዓመት ሙሉ ዞር ስትል ጠፍተህባታል፣ ዘውዱ። አሁን ዞር ብላ ባታይህ ምን ትፈርድባታለህ?"

"ይድናል ወይ?" አልሁ።

"አላውቅም።" ዶክተር አላውቅም ሲል የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። "የምትመጣበትን ቀን ንገራት። በነገርሃት ቀን ድረስ። ዞር ባትልም ድረስ። ስትሄድም ፊት ለፊት ተሰናብተህ ሂድ፣ ካለቀሰች ታልቅስ።"

እሺ ብዬ ሄድሁ። የመጀመሪያው ቅዳሜ፣ "ስመኝ፣ ልሄድ ነው። ቅዳሜ እመጣለሁ" አልኋት። "እሺ" አለች፣ አንገቷን አላነሣችም። በሁለተኛው "እሺ።" በአምስተኛው "እሺ።" እህቴ "ለምን ልጅቱን ታስጨንቃለህ፣ ተደብቀህ ውጣ" ትለኛለች። ክረምት ገባ፣ እኔ አልቀርም። ስንጣሪ አብሬያት እደረድራለሁ፣ እሷ ታፈርሰዋለች፣ እኔ እደረድራለሁ። አንዳንዴ መንገድ ላይ እያለቀስሁ ነው የምመለሰው፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም አትበሉኝ።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ፣ ነሐሴ ነው፣ የተሳፈርሁባት አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ሰጠመች። ገፋን፣ ገፋን፣ እምቢ አለች። እኔ ወርጄ በእግሬ ጀመርሁ። ዝናብ ነው፣ ጉም ነው፣ ፊቴን አላየውም። የምሄድ አይመስለኝም ነበር፣ መንገዱ ነው በሥሬ የሚያልፈው። አዘና ስደርስ ፀሐይ ጠልቃለች። ከእህቴ አጥር ጋ አንዲት ነጠብ ነጠብ የምትል ነገር ቆማለች። ችግኝ መሰለችኝ። ቀረብሁ። ስመኝ ናት።

አየችኝ። አላቀፈችኝም። መጥታ በሁለት ጡጫዋ ሆዴን መታችኝ። "ቅዳሜ አላሉም? ቅዳሜ አላሉም? ቅዳሜ ማለት ቀን አይደለም ወይ?" እያለች፣ እየጮኸች፣ እያለቀሰች ትመታኛለች። እህቴ ከቤት ሮጣ ወጣች። "አንቺ ባለጌ! አባቷን ትመታለች? ከቀትር ጀምሮ ግቢ ብላት እምቢ ብላ ነው፣ ዛሬ ምን ነካት!"

"ተያት!" አልኋት። "እህቴ፣ በሞቴ ተያት፣ ትምታኝ!" ጭቃው ውስጥ ተንበርክኬ ደረቴን ሰጠኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ኔትወርክ የሚይዘው ኮረብታው ላይ ብቻ ነበር፣ በማግሥቱ ጠዋት እየተንሸራተትሁ ወጣሁ። ደወልሁ።

"ዶክተር! መታችኝ!"

"ማን?"

"ልጄ! እያለቀሰች መታችኝ!"

ዝም። ኔትወርኩ የሄደ መሰለኝ። "ሃሎ? ሃሎ?" እላለሁ።

"አለሁ" አሉ። ድምፃቸው ሌላ ሆኗል። "እንኳን ደስ አለህ፣ ዘውዱ።" ደግሞ፣ "እኔ እናቴን አልመታኋትም" አሉኝ።

ይኸው ነው። መስከረም ትምህርት ሲከፈት ስመኝን ቆሰበር አመጣኋት፣ እዚሁ አደገች፣ እዚሁ ተዳረች። ዶክተር የሺ አሁን ዳንግላ ናቸው፣ ጡረታ ወጥተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። በዓል በመጣ ቁጥር ይደውሉልኛል፣ "ልጆቼ ደኅና ናቸው?" ይላሉ። የራሳቸው ልጅ የላቸውም። በመጋረጃው ያዩዋቸውን ማለታቸው ነው፣ አንድ በአንድ በስም ነው የሚጠይቁኝ። ያንን የከሰል ሠሪዋን ልጅ አይረሱትም። እናቱን ሊቀበል ጫካ ድረስ ይሄድ ጀመር ብዬ ስነግራቸው፣ ያን ያህል ያረጁ ሴትዮ ስልኩ ውስጥ እልል አሉ። እና እኔ የምለው፣ የእሳቸው ትምህርት ጠቅላላ...

ምን አልሽ ስመኝ? ቢላዋውን ምን አስቀመጥሽው?

"እኔም ልናገር፣ አባ?"

ተናገሪ እንጂ! ስልኩን ጠጋ አድርጉላት።

"እርስዎን ከመታሁበት ቀን በፊትም ቢሆን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ አጥሩ ጋ ነበርሁ። የመኪናዋን ድምፅ ስሰማ ሮጬ ገብቼ ስንጣሪውን አነሣ ነበር። ሲገቡ ስጫወት እንዲያገኙኝ።"

ለምን? ለምን ልጄ?

"‘ጨዋ ልጅ ናት’ እያሉ ለሰው ሲናገሩ ደስ ሲልዎት አይ ነበራ። እና ጨዋ ከሆንሁ ይዘውኝ ይሄዳሉ ብዬ ነው።"

...

አይ። አይ እናንተ ልጆች። ቆዩኝማ፣ ቆዩኝ። ይህን ሁሉ ዓመት በሆዷ አስቀመጠችው፣ አያችኋት? ይህን ለዶክተሯ እነግራቸዋለሁ፣ ዛሬውኑ ነው የምደውል። ነይ እስቲ ልጄ፣ ያን ልጅ አውርጂና ስጪኝ፣ አንቺ ድንችሽን ጣጂ። እህ! ወዴት ነው? ዞር ሲልልሽ ጠብቀሽ በጓሮ ልትወጪ ነው? በፊት ለፊት! ነግረሽው ውጪ።

"ማሙሽዬ፣ ውሃ ላመጣ ነው። መጣሁ፣ እሺ? መጣሁ።"

ይኸውላችሁ፣ ከንፈሩን እዩት፣ እዩት! ጀመረ! ሃ ሃ ሃ! አልቅስ የኔ ጌታ፣ አልቅስ! ጮክ ብለህ አልቅስ፣ ትሰማሃለች!